ዛቪዬ ዶላን፦ ሮል ሲያጣ ለራሱ የጻፈው ልጅ (እና ፊልሞቹ ውስጥ ያሉት እናቶች)

ፊልም_ወዳዱ
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ ስለ ኖላን ስለ ስኮርሴዚ ስንጨቃጨቅ እናመሻለን፣ ስለ ዛቪዬ ዶላን ግን አንድም ክር አላየሁም፣ እኔ ልክፈተው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው እንዳትደናገሩ።

ለማታውቁት፣ ሰውየው ካናዳዊ ነው፣ የሞንትሪያል ልጅ፣ 1989 የተወለደ። ይጽፋል፣ ዳይሬክት ያደርጋል፣ ይተውናል፣ አብዛኛውን ፊልሙን ራሱ ነው ኤዲት የሚያደርገው፣ ተዋናዮቹ የሚለብሱት ልብስ ሳይቀር የሱ ምርጫ ነው። ጌይ ነው፣ ደብቆትም አያውቅም፣ የመጀመሪያ ፊልሙን መሪ ገጸ ባህርይ ጌይ አድርጎ ጽፎ ራሱ ነው የተጫወተው። አባቱ ማኑኤል ታድሮስ ግብፅ የተወለደ ተዋናይና ዘፋኝ ነው፣ ልጁም ገና ሕፃን እያለ የመድኃኒት ቤት ማስታወቂያ ላይ መሥራት ጀመረ። ከፍ ሲል ግን ነገር ተበላሸ። ሕፃን ሆኖ የሚፈልጉት ሰዎች ጎረምሳ ሲሆን መጥራት አቆሙ። ስንቱ ሕፃን ተዋናይ እዚህ ጋ ነው ቀልጦ የሚቀረው። እሱ በ16 በ17 ዓመቱ ቁጭ ብሎ ለራሱ የሚሆን ስክሪፕት ጻፈ፣ በልጅነቱ ሠርቶ ያጠራቀማትን ገንዘብ አፈሰሰበት፣ የጎደለውን ደግሞ በር እያንኳኳ ሞላው፣ በ2009 "እናቴን ገደልኳት" የሚለውን ፊልም ይዞ ፈረንሳይ ካን ፊልም ፌስቲቫል ሄደ። ዳይሬክተርስ ፎርትናይት በሚባለው ክፍል ሦስት ሽልማት ወሰደ። ያኔ 20 ዓመቱ ነው።

የኔ ነጥብ ይሄ ነው፦ ስሙ ሲነሳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ጌይነቱን ነው የሚያወራው፣ ፊልሞቹን ተራ በተራ ስታያቸው ግን መሀል ላይ ቁጭ ያለችው እናት ናት። ያቺ የመጀመሪያ ፊልም ላይ አንድ ሲን አለ፣ ልጁን ያለ ፍላጎቱ አዳሪ ትምህርት ቤት አስገብታዋለች፣ ከዛ ይጠፋል፣ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር እናትየው ጋ ደውሎ ቤት ውስጥ ወንድ ስለሌለ ይሆናል ምናምን ይላታል። ሴትዮዋ እስከዛች ደቂቃ ድረስ የምታስጠላ፣ ቴሌቪዥን ላይ የተጣደች፣ ስትበላ አፏ ዙሪያ ክሬም የሚቀር ሰው ሆና ነው ያየናት፣ ምክንያቱም በልጇ ዓይን ነው የምናያት። ስልኩ ላይ ግን አንድ ትንፋሽ ሳትወስድ ብቻዋን ያሳደገችበትን ዓመት ሁሉ ታወርድበታለች። እሱን ጽፎ ለእናትየው የሰጣት ገና ያልጎለመሰ ልጅ ነው። ከእናቱ ጋር እየተጣላ እያለ እሷ ትክክል የሆነችበትን ሲን መጻፍ መቻል፣ ይሄ ነው ለኔ ተሰጥኦ ማለት።

ሞንትሪያል_ናት
አይ ደስ ሲል! እኔ እዚሁ ሞንትሪያል ነኝ፣ ልጆቼ እዚህ ነው የተወለዱት። አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እዚህ ያሉ ልጆች ፊቱን ሳያውቁ ድምፁን ያውቁታል። ሀሪ ፖተር በኪቤክ (ሞንትሪያል ያለችበት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የካናዳ ክፍለ ሀገር) ፈረንሳይኛ ሲተረጎም የሮን ድምፅ እሱ ነው። ሮል ባጣባቸው ዓመታት እንጀራው ዳቢንግ ነበር፣ ከታወቀ በኋላም አልተወውም። ሰው ሌላ ሰው አፍ ላይ ድምፁን እየገጠመ ስንት ዓመት ሲሠራ ጆሮው ይሰላል፣ ለዛ ይመስለኛል ዲያሎጉ እንደዛ የሚፈጥነው፣ ሁለት ሰው አንዴ ይናገራል፣ አንዱ ሌላውን ያቋርጣል፣ ልክ እኛ ቤት ሰንበት ቀን ዘመድ ሲሰበሰብ እንደሚሆነው።

እናትየዋን የምትጫወተው አን ዶርቫል ደግሞ እዚህ አገር የቴሌቪዥን ሰው ናት፣ ሌ ፓራን በሚባል የቤተሰብ ኮሜዲ ላይ እናት ሆና በየሳምንቱ ነበር የምናያት። እና ሕዝቡ የሚወዳትን የምታስቅ እናት ወስዶ እንደዛ ሲያስጮሃት፣ እዚህ ላለ ሰው ያ ራሱ ድንጋጤ ነበር። ውጪ ያለ ተመልካች ይሄን አያውቅም።

የቄራው_ልጅ
ይቅርታ ግን እኔ ይሄ ክር እዚህ መከፈቱ ትክክል አይመስለኝም። ፊልም እንወዳለን፣ እሺ፣ ግን እምነታችንም ባህላችንም ሕጋችንም የማይቀበለውን ነገር እያሞካሸን ማውራት ምን ይባላል? ሌላ ዳይሬክተር ጠፍቶ ነው? ማንንም ለመሳደብ አይደለም፣ የተሰማኝን ነው የተናገርኩት።

ፊልም_ወዳዱ
ወንድሜ ሳትሳደብ ስለተናገርክ አመሰግናለሁ፣ እኔም በአክብሮት ልመልስልህ። እዚህ መድረክ ላይ ነፍሰ ገዳይ ስለሚያሳዩ ፊልሞች ገጽ ሙሉ እንጽፋለን፣ ማንም ባህላችን አይፈቅድም ብሎ አያውቅም። ይሄ ሰው ማንንም አልበደለም፣ ሠርቷል፣ ሥራው ደግሞ ሊታይ የሚገባው ነው። ጌይ መሆኑን አልፌ ላውራ ብል ውሸት ይሆንብኛል ምክንያቱም የሚጽፈው ከዛው ከኖረው ነው። አለማየት መብትህ ነው፣ እኔ ግን ስለሱ ማውራቴን አላቆምም።

ዲሲዋ
የቄራው ልጅ፣ እኔ እምነቴን የምጠብቅ ሰው ነኝ፣ በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ነኝ፣ እና አንድ ነገር ልንገርህ። ቤተሰባችን ውስጥ እንደዚህ የሆነ ሰው አለ። ዝርዝሩን አልናገርም፣ የኔ ታሪክ አይደለምና። ግን "እናቴን ገደልኳት" ላይ እናትየው ስለ ልጇ የምትሰማው ከማን እንደሆነ አስታወሳችሁ? ቆዳቸውን የሚያጠቁሩበት ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብላ የልጁ ፍቅረኛ እናት ናት እንደ ተራ ወሬ የምትነግራት፣ ልጆቻችን ሁለት ወር ሆኗቸው የለ እንዴ ዓይነት። ሴትዮዋ ፊቷ ላይ የምታየው ነገር ንዴት አይደለም፣ ልጄ ለባዕድ ነግሮ ለኔ ደበቀኝ የሚል ቁስል ነው። እኔ ይሄን ፊት በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ሐበሻ እናት ፊት ላይ። ልጁን ያገለለው ጎረቤት እናትየውንም አብሮ ነው ያገለላት፣ ማንም ግን እሷን እንዴት ነሽ ብሎ የጠየቀ የለም። ለዛ ነው ይሄን ፊልም ኪቤክ ሠራው ቻይና ሠራው የማልለው።

ኤዲተሯ
ሙያዬ ስለሆነ እኔ ወደ ሥራው ልመልሳችሁ። "ሞሚ"ን (2014) ያየ አለ? ፊልሙ ከሞላ ጎደል ሙሉውን በካሬ ነው የተቀረጸው፣ አንድ በአንድ፣ ወርዱና ቁመቱ እኩል። ግራና ቀኝ ጥቁር ነው። መጀመሪያ ስታየው ፋይሉ ተበላሽቶ ይመስልሃል። ቆይቶ ግን ይገባሃል፣ ካሬ ውስጥ አንድ ፊት ነው የሚበቃው፣ ሁለት ሰው አንድ ላይ ልታሳይ ብትፈልግ ማቀፍ ወይ መጣላት አለባቸው።

እና መሀል ላይ ስቲቭ፣ ያ አስቸጋሪው ልጅ፣ መንገድ ላይ በስኬትቦርድ እየሄደ ነው፣ እናቱና ጎረቤታቸው ኬይላ በሳይክል ከኋላ አሉ፣ የኦኤሲስ ዘፈን እየሄደ ነው፣ ልጁ ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ በመሀል ከፈት ሲያደርገው ጥቁሩ ግራና ቀኝ ይሸሽና ስክሪኑ ሙሉ ይሆናል። በገዛ እጁ ነው የሚከፍተው! ካን ላይ መሀል ፊልም ጭብጨባ ተነስቶ ነበር። ከዛ እናትየው የክስ ወረቀት ሲደርሳት፣ ወረቀቱን እያነበበች እያለ ጥቁሩ ቀስ እያለ ይመለሳል፣ ካሬ። ተማሪዎቼን ሁሌ የማሳያቸው የመመለሻውን ነው የመክፈቻውን አይደለም፣ መክፈቻው ላይ ሁሉም ያጨበጭባል፣ መዝጊያው ላይ ግን ብዙ ሰው መዘጋቱን የሚያውቀው ከተዘጋ በኋላ ነው።

ካሬውን ደግሞ መጀመሪያ የሞከረው ኢንዶሺን ለሚባል የፈረንሳይ ባንድ በ2013 በሠራው ጥቁርና ነጭ ክሊፕ ላይ ነው፣ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ልጅን ሲያሰቃዩት የሚያሳይ፣ ጭካኔው በዛ ተብሎ ፈረንሳይ ውስጥ ብዙ ያጨቃጨቀ። ልጁ አንትዋን ኦሊቪዬ ፒሎን ነው፣ በኋላ ስቲቭን የተጫወተው። ማለትም ፎርማቱንም ተዋናዩንም ከአንድ ክሊፕ ነው ያወጣው።

ጥያቄ_አለኝ
ቆይ ሞሚ ካን ላይ ከአንጋፋው ዳይሬክተር ጎዳር ጋር እኩል የወጣው ነው አይደል? ሽልማቱን የተካፈሉት?

ፊልም_ወዳዱ
አዎ የዳኞች ሽልማት፣ ዶላን 25 ጎዳር 83 ዓመታቸው። የዳኞቹ ሰብሳቢ ዳይሬክተሯ ጄን ካምፒየን ነበረች፣ እሱም መድረክ ላይ ለሷ ዞሮ ያንቺ ፊልም ነው ሴቶችን እንድጽፍ ያደረገኝ ዓይነት ነገር ሲላት እያለቀሰ ነበር። በእድሜው ላሉ ወጣቶች ደግሞ የሚደፍር የሚያልም የሚሠራ ተስፋ የማይቆርጥ ሰው ሁሉ ነገር ይቻለዋል አለ። ያን ንግግር ፈልጋችሁ እዩት።

ጋሽ_ቲያትር
ልጆች፣ እኔ ስድብ ሳይሆን ትችት ላቅርብ። ዕድሜዬን በመድረክ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ጩኸት ሁሉ ትወና አይደለም። የዚህን ልጅ ፊልም ሳይ ሰው ሁሉ ይጮኻል፣ ጩኸቱ ሲያልቅ ሙዚቃ ይመጣል፣ ሙዚቃው ላይ ደግሞ በዝግታ ይራመዳሉ። ሁለተኛ ፊልሙን አሥር ደቂቃ አይቼ ስለ መስተዋቱ ነው ወይስ ስለ ሰዎቹ ብዬ ዘጋሁት።

ሆኖም "የዓለም ፍጻሜ ብቻ" የሚለውን (2016) አየሁ። ዣን ሉክ ላጋርስ የጻፈው ተውኔት ነው፣ ጸሐፊው በ1995 በኤድስ ነው የሞተው። ታሪኩ ቀላል ነው፦ አንድ ጸሐፊ ከ12 ዓመት በኋላ ልሞት ነው ብሎ ለቤተሰቡ ሊናገር ቤቱ ይመጣል፣ ሁሉም በየራሱ ብሶት ይጮህበታል፣ ሳይናገር ተመልሶ ይሄዳል። ጋስፓር ኡሊየል የሚባለው ተዋናይ፣ ነፍሱን ይማርና በ2022 በበረዶ ሸርተቴ አደጋ ሞተ፣ እሱ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ብዙም ሳይናገር ይሰማል። መስማት እንዴት እንደሚተወን ማየት የሚፈልግ ወጣት ተዋናይ ካለ እሱን ይመልከት። እዚያ ጩኸቱ ገባኝ፣ የሚጮኹት እንዳይሰሙት ነው።

ኤዲተሯ
ጋሼ ይሄን ስላሉ በጣም ደስ ብሎኛል፣ እርስዎ ያሉትን ነገር ካን ላይ ጋዜጠኞቹ ሳይታያቸው ነው የቀረው፣ ግራን ፕሪ ሲሸለም የፕሬስ ክፍሉ ውስጥ ሲያጉረመርሙ ነበር። በዓመቱ ግን ፈረንሳዮች ሴዛር በሚባለው የፊልም ሽልማታቸው ላይ ለምርጥ ዳይሬክተር፣ ለምርጥ ኤዲቲንግ፣ ኡሊየልንም ለምርጥ ተዋናይ ሸለሙት። በዝግታው ላይ ግን አልስማማም። "ሎራንስ ኤኒዌይስ" ላይ ከሰማይ ልብስ የሚዘንብበትን ሲን አይተውት ቢሆን ኖሮ ይሄን ባላሉ።

ጋሽ_ቲያትር
አላየሁትም፣ አየዋለሁ። መስተዋቱን ግን አልምረውም።

ጥያቄ_አለኝ
ሎራንስ ምንድነው ታሪኩ?

ዲሲዋ
2012 የወጣ ነው። ሎራንስ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነው፣ ፍሬድ የምትባል ሴት ይወዳል፣ 35 ዓመት ሲሞላው እኔ ውስጤ ሴት ነኝ ይላታል፣ ከዛ አሥር ዓመት ፍቅራቸው ምን እንደሚሆን ነው። የ80ዎቹ መጨረሻና የ90ዎቹ ዘመን። ፍሬድን የተጫወተችው ሱዛን ክሌሞን ካን ላይ በአን ሰርተን ሪጋርድ ክፍል የተዋናይት ሽልማት ወስዳለች፣ ለምን እንደወሰደች ለማወቅ የሬስቶራንቱን ሲን ብቻ ማየት ይበቃል። ቁርስ ቁጭ ብለዋል፣ አስተናጋጇ እየተለሳለሰች ስለ አለባበሱ ትጠይቃለች፣ ክፋትም የላትም፣ ለወሬ ነው። ፍሬድ ብድግ ብላ ሬስቶራንቱ ጸጥ እስኪል ትጮኻለች፣ ለባልሽ ዊግ ገዝተሽ ታውቂያለሽ? ውጪ በወጣ ቁጥር ይደበድቡት ይሆን ብለሽ ፈርተሽ ታውቂያለሽ? እንደዛ ዓይነት ነገር። ለሚወዱት ሰው መፍራት ለራስ ከመፍራት በላይ እንዴት እንደሚያደክም ፊልም ላይ እንደዛ ጥርት ብሎ አይቼ አላውቅም።

ጥያቄ_አለኝ
ታዲያ በዛው ፊልም ኩዊር ፓልም የሚባለውን፣ ካን ላይ ስለ ጌይና መሰል ሰዎች ለሚሠሩ ፊልሞች የሚሰጠውን ሽልማት፣ አልቀበልም አለ የሚባለው እውነት ነው? ራሱ ጌይ ሆኖ?

ፊልም_ወዳዱ
እውነት ነው። በኋላም ለፈረንሳይ መጽሔት እንዲህ ዓይነት ሽልማት መኖሩ ራሱ ያስጠላኛል አለ፣ ሰውን ከሰው ለይቶ ጥግ የሚያስይዝ ነው ብሎ ነው የሚያምነው። የሽልማቱ አዘጋጆችም ሌሎችም በጣም ተናደውበት ነበር። እኔ ሐሳቡ ይገባኛል። ፊልሞቹ ላይ ጌይ መሆን ችግሩ አይደለም፣ መጀመሪያ ፊልም ላይ ልጁ ፍቅረኛው ቤት ሲሄድ ደስተኛ ነው፣ ችግሩ ቤት ሲመለስ ነው። ፊልም ነው የሠራሁት ፊልም ብላችሁ እዩት ማለቱ ነው።

ዲሲዋ
እኔ አልስማማም። ካን ላይ ቀይ ምንጣፍ ላይ ለቆመ ሰው ጥግ መያዝ ሊመስለው ይችላል። ብቻውን ክፍሉን ዘግቶ የሚያይ ልጅ ግን ያን ፊልም የሚያገኘው በዛ ስም ፈልጎ ነው። እሱ ራሱ በስምንት ዓመቱ ለዲካፕሪዮ ደብዳቤ የጻፈ ልጅ ነው እኮ፣ ታይታኒክን አይቶ። አንድ ልጅ ሩቅ ያለ ሰው ላይ ምን ያህል ተስፋ እንደሚጥል ከሱ በላይ ማን ያውቃል? ሽልማቱን ተቀብሎ ሐሳቡን መድረኩ ላይ ቢናገር ይሻል ነበር።

የቄራው_ልጅ
እኔ አቋሜ ያው ነው። ግን የሬስቶራንቱን ሲን ፈልጌ አየሁት፣ ሴትዮዋ ተዋናይ ናት፣ ይሄን አልክድም።

ሞንትሪያል_ናት
የዲካፕሪዮዋ ደብዳቤ ደግሞ ፊልም ሆነች አይደል፣ "የጆን ኤፍ ዶኖቫን ሞትና ሕይወት"፣ 2018። አንድ ሕፃን ተዋናይ ከአንድ የቴሌቪዥን ኮከብ ጋር ደብዳቤ ሲጻጻፍ ነው። በእንግሊዝኛ የሠራው የመጀመሪያው፣ ትልቅ ትልቅ ስሞች ያሉበት። እና ወደቀ። ጄሲካ ቻስቴይን ሙሉ በሙሉ ኤዲቲንግ ላይ ተቆርጣ ወጣች፣ ቶሮንቶ ላይ ሲታይ ተቺዎቹ ምንም አልራሩለትም። ለኔ ከቤቱ ሲወጣ ነው የጠፋው፣ አነጋገሩ ኪቤክ ነው፣ ንዴቱ ኪቤክ ነው፣ ፈረንሳይ ውስጥ እንኳን ፊልሞቹ ከሥር ጽሑፍ ተደርጎላቸው ነው የሚታዩት፣ እሱን ኒውዮርክና ለንደን ስታመጣው ሌላ ሰው የጻፈው ይመስላል። በዓመቱ ወደዚህ ተመልሶ "ማቲያስ እና ማክሲም"ን ሠራ፣ ትንሽ ፊልም፣ ከጓደኞቹ ጋር፣ ራሱም ፊቱ ላይ ትልቅ ቀይ ምልክት ያለበት ልጅ ሆኖ ይጫወታል። እኔ ከሁሉም እሷን ነው የምወዳት፣ ማንም አብሮኝ አይስማማም።

ኤዲተሯ
እኔ እስማማለሁ። ትወናው ላይም ካነሳችሁት፣ ለሌሎች ዳይሬክተሮች ሲጫወት ሌላ ሰው ነው። ቦይ ኢሬዝድ (2018) ላይ ልጆችን ከጌይነት እናድናለን የሚል ካምፕ ውስጥ ካሉት አንዱ ነው፣ ትንሽ ሮል ናት፣ ሰው እንዲነካው አይፈልግም፣ ሰላምታ እንኳ በሩቁ ነው። ኢት ምዕራፍ ሁለት (2019) ላይ ደግሞ መክፈቻው ላይ ከፍቅረኛው ጋር ተደብድቦ ወንዝ የሚወረወረው እሱ ነው። ያ ሲን ፊልሙ ከተሠራበት ከስቲቨን ኪንግ መጽሐፍ የመጣ ነው፣ መጽሐፉም ሜይን ግዛት ባንጎር ከተማ በ1984 ከድልድይ ተወርውሮ ከተገደለው ቻርሊ ሃዋርድ የመጣ ነው። የ2021ዱን ሎስት ኢሉዥንስም እዩ፣ ትረካው ሁሉ በሱ ድምፅ ነው፣ ሴዛር ላይ ምርጥ ፊልም የተባለ። የዳቢንግ ዓመታቱ እዛ ላይ ይሰማሉ።

የአዴልን "ሄሎ" ክሊፕም እሱ ነው የሠራው፣ 2015፣ በከፊል በአይማክስ ካሜራ የተቀረጸ፣ በሦስት ወር ገደማ አንድ ቢሊየን ጊዜ የታየ። ስንቶቻችን አይተነው ማን እንደሠራው አናውቅም።

ጋሽ_ቲያትር
ሥራ አቆመ የሚባለውስ? በዚህ ዕድሜ?

ፊልም_ወዳዱ
ጋሼ፣ በ2022 ባለ አምስት ክፍል ሲሪየስ ሠራ፣ እንደገና ከሚሼል ማርክ ቡሻር ተውኔት፣ ዶላን ቀድሞ ፊልም ያደረገውን "ቶም በእርሻው"ን የጻፈው ሰው ማለት ነው። የራሱን ክፍያ ሁሉ ከተተበት፣ ሁለት ዓመት ለፋበት፣ እና ያየው ሰው ጥቂት ሆነ። በ2023 ከእንግዲህ ፊልም አልሠራም ብሎ ለጋዜጦች ተናገረ፣ ሰው የማያየውን ነገር ለመሥራት ሕይወቴን መስጠት ደክሞኛል ዓይነት። እኔ ሳነበው በጣም ነው ያዘንኩት። ከ20 እስከ 30 ዓመቱ ስምንት ፊልም የሠራ ሰው ነው፣ ሌላው በዛ ዕድሜ ረዳት ካሜራማን ነው። በ2024 ግን ካን ላይ የአን ሰርተን ሪጋርድ ዳኞች ሰብሳቢ ሆኖ መጣ፣ ስለዚህ ከዓለሙ አልወጣም። እኔ ይመለሳል ባይ ነኝ።

ዲሲዋ
ቢያርፍም እኮ ችግር የለም። ሁሌ ሥራ ሥራ ማለት የለብንም፣ ሰውየው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ካሜራ ፊት ነው።

ጥያቄ_አለኝ
እሺ አሳመናችሁኝ፣ ከየትኛው ልጀምር? ፈረንሳይኛ አንድ ቃል አልችልም።

ሞንትሪያል_ናት
ሞሚ። ከሥር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለውን ፈልግ፣ ድምፁ የተተረጎመውን እንዳታይ፣ ልጁ ሲሳደብ በራሱ ድምፅ መስማት አለብህ። በስልክ አትየው፣ ካሬው ስልክ ላይ ትርጉም የለውም።

ኤዲተሯ
ከሱ ቀጥሎ የመጀመሪያውን፣ ሁለቱም እናት አን ዶርቫል ናት፣ አምስት ዓመት ነው ልዩነታቸው። መጀመሪያው ላይ ልጁ ዛሬ ብሞት ምን ታደርጊያለሽ ብሏት ይሄዳል፣ ከራቀ በኋላ እኔ ነገ እሞታለሁ ትላለች፣ እሱ አይሰማትም። በዚች ዓረፍተ ነገርና በሞሚ መካከል ስንት እንደሄደ ራስህ ታየዋለህ።

ፊልም_ወዳዱ
ሎራንስን ግን ለዕረፍት ቀን አቆየው፣ 168 ደቂቃ ነው። ጋሼ እርስዎም ልብሱ የሚዘንብበት ጋ ሲደርሱ እዚህ ይጻፉልን፣ መስተዋቱን ይማሩት አይማሩት እናያለን።